አንሶላ ጠቃሚዋ

ሆስፒታሉ ሰባት ፎቅ አለው ይላሉ። ውሸት ነው፤ ስምንት ነው። ስምንተኛው እኛ ነን፣ ከመሬት በታች። ሐኪሞቹ አይቆጥሩንም እንጂ እኛ ባንኖር ሰባቱም ፎቅ በሦስተኛው ቀን ይሸት ነበር።

የልብስ ንጽሕና ክፍል ይባላል። በአንድ በኩል ማጠቢያዎቹ ይጮኻሉ። መሃል ላይ የእኔ መተኮሻ አለ፤ በርሜል የሚያህሉ ሁለት ትኩስ ብረቶች ናቸው፣ እርጥብ አንሶላ በዚህ ገብቶ በዚያ ተተኩሶ ይወጣል። "የእኔ" ያልኩት በኩራት ነው። ማሽኑ አራት ወር ሞቶ ሲቆም፣ ባለሙያ ተብዬዎቹ ሦስት ጊዜ መጥተው ሻይ ጠጥተው ሲሄዱ፣ የመመሪያውን መጽሐፍ ገልጬ፣ ያልገባኝን ከሥዕሉ እየገመትኩ የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ያስተማረኝ የለም። ይህን ለመናገር አፍሬ አላውቅም፤ እንዲያውም ሳልጠየቅ እናገራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ "ምላጭ" ይሉኛል።

ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው የወንድሜ ሚስት ናት። እታለም እላታለሁ። መስኮታችን ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው፤ በእግሮቹ መሃል በሚገባው ብርሃን እታለም የተቀደደ አንሶላ ትጠቅማለች። እኛ ዘንድ መጥቀም ማለት የተቀደደውን በመርፌና በክር መልሶ ደህና ማድረግ ነው። ማጠቢያ ላይ የምትሠራው ሳሙና፣ ስሟ አይደለም ግን ሌላ ስም እንዳላት ረስተነዋል፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የማትሰለቻት ቀልድ አለቻት። አዲሱ ሰው "ያቺ መስኮት ሥር ያለችው ምን ትጠቅማለች?" ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣

"አንሶላ!" ትላለች፤ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

እታለም ሦስት ልጆች አሏት። ወንድሜ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ በወር አሥር ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። እናቴ ደግሞ አልጋ ከያዘች ሁለት ዓመት አለፋት። ልጇ እኔ ነኝ፤ የምታገላብጣት ግን እታለም ናት። እኔ ሳገላብጣት እናቴ "ቀስ በይ፣ ማሽን አይደለሁም" ትለኛለች። እታለምን ምንም አትላትም።

አንድ ረቡዕ ከምሳ በኋላ እታለም መርፌዋን አስቀምጣ ከሽርጧ ኪስ ባጅ አወጣች። ላዩ ላይ ስሟ አለ፣ ከሥሩ "ሕሙማን ጠያቂ" ይላል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ጸልየው፣ ሁለት ሁለት ሆነው የታመመ ሰው ሊጠይቁ ይወጣሉ። እታለም የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው። ያን ጊዜ ለእግዚአብሔር ቃል ገባች፦ ካዳንከኝ የተኙትን እጠይቃለሁ ብላ። ባጁ የዚያ ቃል ነው። ከቀለበቷ እኩል ትሳሳለታለች።

"ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልመልሰው ነው" አለች።

"ማን መልሺ አለሽ?"

"ማንም አላለኝ። ሰብሳቢያችን 'ሦስት ጊዜ የቀረች ራሷን ትመርምር' አለች። መረመርኩ።"

"እና ምን ተገኘብሽ? ደም ማነስ?"

አልሳቀችም። "አምስት ጊዜ ቀርቻለሁ፣ እህቴ። ማዘርን ለማን ትቼ ልሂድ? ቤቴ ልጸልይ ብዬ እንበረከካለሁ፣ እዚያው እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለፈው ትንሿ መጥታ 'እማዬ፣ አሜን በይና ተኚ' አለችኝ። ልጅ ታዘበችኝ፤ እግዚአብሔርማ ምን ይለኝ? ቃል ገብቼለት ነበር። አሁን ለእሱ የምጠቅም ሰው አይደለሁም። የሌላ ሰው ቦታ ይዤ ከምቀመጥ..."

"በቀን አሥራ አምስት አንሶላ የምትጠቅም ሴት 'አልጠቅምም' ስትል ሰማሁ!" አልኩ።

ሳሙና ሳቀች። እታለም አንገቷን ደፋች። አንዲት ጠብታ አንሶላው ላይ ወረደች፤ ያቆሸሸችው ይመስል ቶሎ ብላ በእጇ ጠረገችው። ምላሴን መንከስ ነበረብኝ። "ይቅርታ" የሚለውን ቃል ማንበብ እችላለሁ፤ መናገሩን ግን ራሴን አላስተማርኩም።

ስልኩ ጮኸ። የአራተኛ ፎቅ ነርስ ናት፣ ከዓይን ክፍል።

"የቁጥር አሥራ ሁለት ታማሚ አዲሱን አንሶላ እምቢ አሉ" አለችኝ። "የተሰፋውን አምጡልኝ ይላሉ።"

በዚያ ሳምንት ሁለት መቶ አዲስ አንሶላ መጥቶልን ነበር። ተኩሼ መጀመሪያ ወደ ዓይን ክፍል የላክሁት እኔ ነኝ፤ ነጭነቱ ራሱ ዓይን ያድናል እያልኩ።

"ሲስተር፣ ሰው አዲሱን አንሶላ ጥሎ ድሪቶ ይመርጣል?"

"እኔ ምን ላድርግ? ራስሽ መጥተሽ አስረጃቸው።"

ላስረዳቸው ነዋ! እታለም የጠቀመቻቸውን ሦስት አንሶላዎች ብብቴ ሥር ይዤ፣ አዲስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማስተምርበትን ንግግር እያዘጋጀሁ ደረጃውን ወጣሁ።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። ቁጥር አሥራ ሁለት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሁለት ዓይናቸው ታሽጓል፣ ሐኪሙ ከግራ ጎንዎ እንዳይነሡ ብሏቸዋል። አዲሱ አንሶላ ተጣጥፎ እግራቸው ሥር አለ። እሳቸው ባዶ ፍራሽ ላይ፣ ላስቲኩ ላይ ተኝተዋል።

"ማነሽ?" አሉኝ።

"ከታች ነኝ፣ ከልብስ ንጽሕና። እትዬ፣ አዲሱ አንሶላ ምን አደረገዎት?"

"ምንም አላደረገኝ። እሱ ገና ማንንም አያውቅም።"

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ከያዝኳቸው አንዱን ዘርግቼ ጎናቸው ላይ አደረግሁት። ጣታቸው ጨርቁን እየዳሰሰ ሄደ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ፊታቸው በራ።

"እጅሽን አምጪ" አሉ። ጣቴን ይዘው እዚያው ቦታ ላይ አሳረፉት። "ምን አገኘሽ?"

"ስፌት።"

"ሰነፍ ተማሪ። እንደገና።"

እኔን! ሰው አስተምሮኝ የማያውቀውን እኔን! ግን በድምፃቸው ውስጥ ተማሪ አድርጎ የሚያስቀምጥ ነገር ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና ዳሰስኩ። ክሩ ከጨርቁ ጋር ድርና ማግ ሆኖ ገብቷል፤ ቀዳዳው የት ጀምሮ የት እንዳለቀ አይታወቅም።

"የሌለው ነገር ምንድን ነው?" አሉ።

ፈለግሁ። ከላይ ዳሰስኩ፣ ከሥር ዳሰስኩ።

"ቋጠሮ" አልኩ። "ቋጠሮ የለውም።"

"ጎበዝ። ሰፊ ሁሉ ክሩ ሲያልቅ ይቋጥራል። ቋጠሮ ለቆመ ሰው ምንም አይደለም፤ ለተኛ ሰው ግን ጠጠር ነው። ይህች ሴት አትቋጥርም። ክሩን መልሳ ታሳልፍና መጨረሻ ላይ ታመሳቅለዋለች። ይኸው፣ መስቀል ሆነች። ይህን የሠራች ሴት መተኛት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ወይ ተኝታ ታውቃለች፣ ወይ ቤቷ የተኛ ሰው አለባት።"

እናቴ አልጋ በያዘችበት ሰሞን ጀርባዋ ቆስሎ ነበር። እታለም አንሶላውን ከራስጌ እስከ ግርጌ በጣቷ ስንዝር በስንዝር ስትፈትሽ ትዝ አለኝ። የእህል ፍሬ የማታህል ቋጠሮ አገኘች። "ይኸውላችሁ ጠላታችን!" ብላ በጥርሷ በጠሰቻት። እኔ የቤት ጣጣ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ለካ ያን ዕለት የተማረችውን ለዚህ ሁሉ ሰው ጀርባ ስትሰፋ ከርማለች። ሺህ ጊዜ በማሽኔ ያሳለፍኩት አንሶላ ነው፤ አንድ ቀን አላየሁትም።

"ዓይኔ ሲታሸግ ጸሎት ጠፍቶብኝ ነበር" አሉ መምህርቷ። "ፍርሃት ቃል ይበላል። ከእኔ በፊት እዚህ የነበረች ሴት ስትወጣ እጄን ይዛ ይህችን መስቀል አሳየችኝ። ለእሷም ያሳየቻት ሌላ ናት። አንሶላ በተለወጠ ቁጥር በጣታችን እንፈልጋታለን። ጨርቅ አያድንም፣ ልጄ፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን የማታውቀኝ ሴት ለጎኔ እንዲህ ከተጨነቀች፣ የፈጠረኝማ እንዴት ይረሳኛል እላለሁ። ከዚያ ቃሉ ይመጣልኛል። መጀመሪያ የምጸልየው ለእሷ ነው። ስሟን ስለማላውቅ በሥራዋ ነው የምጠራት።"

"ምን ብለው?"

"ጠቃሚዋ ብዬ። 'ጌታ ሆይ፣ ያቺን ጠቃሚ አስባት፤ እጇ ሲዝል አንተ ያዘው' እላለሁ። ክፍሉ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚላት።"

"እኔ ጠዋትና ማታ ነው" አለች የመስኮቱ ጥግ ያለችው።

"እኔ እንኳ ማታ ብቻ" አለች ሌላዋ፣ "ጠዋት ቁርስ ያስረሳኛል፤ እሱ ይቅር ይበለኝ።"

በሩ ላይ የቆመችውን ነርስ ዞሬ አየኋት። ትከሻዋን ሰበቀች። "እኔ ወደዚህ ክፍል ከመጣሁ ዓመት ከስምንት ወር ነው። ስመጣም ነበር።"

ዓመት ከስምንት ወር። ስድስት አልጋ። የወጣው ወጥቶ የገባው ሲገባ። እታለም ተንበርክካ እንቅልፍ በጣላት ቁጥር፣ አንድ ቀን እንኳ አይተዋት የማያውቁ ሰዎች የጀመረችውን ሲጨርሱላት ኖረዋል። እሷ "አልጠቅምም" ስትል፣ እዚህ "ጠቃሚዋ" እየተባለ ስሟ ወደ ላይ ይወጣል። የቀሩትን ሁለት አንሶላዎች ለነርሷ ሰጥቼ ወጣሁ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። እታለም መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ነበር።

"ምን አሉ? ቀደዱት እንዴ?"

"ስትጠቅሚ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል" አልኳት። "ስፌት የምትቆጥሪ ይመስለኝ ነበር። ምንድን ነው የምትዪው?"

ደነገጠች፤ የሰረቀች ይመስል ፊቷ ቀላ። "ምንም። ክሩን ሳመሳቅለው 'እዚህ የሚተኛውን አሳርፈው' እላለሁ። በቃ። ሌላ ቃል አልጨምርም፣ ጊዜ የለኝማ። ምነው፣ ሥራ ላይ አይፈቀድም?"

ሳሙና እጇን ዘርግታ ማጠቢያውን አጠፋችው። በሥራ ሰዓት ያ ማሽን ጸጥ ሲል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"ተነሺ" አልኩ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ተነሺ ብያለሁ፣ እታለም። በእናቴ ይዤሻለሁ።"

በእናቴ ስይዛት እምቢ አትልም። እጇን ይዤ ወጣን። አራት ፎቅ ሙሉ "ሽርጤ እርጥብ ነው፣ ጸጉሬን እይው፣ ማንን ነው የማየው?" ስትል እኔ መጎተቴን አልተውኩም። በሩ ላይ ስንደርስ እጇን ሽርጧ ሥር ደበቀች።

"ማነው የገባው?" አሉ መምህርቷ። እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ።

እታለም አየችኝ፤ ንገሪልኝ ማለቷ ነው። ምላጭ የተባልኩት ሴት ወደ ኋላ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ያ የእኔ ቦታ አልነበረም።

ትንሽ ቆማ ቀረበች። በእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ እንደምትቀመጠው፣ ፍራሹን ሳታናውጥ ተቀመጠች። እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

"ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አለች።

የመምህርቷ አውራ ጣት የእታለምን ጠቋሚ ጣት አገኘ፤ መርፌ ለዓመታት እየወጋ ያሻከረውን ጫፍ። አንዴ ዳሰሱት፣ ደገሙት፣ እንደ ፊደል አነበቡት።

"መጣሽ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ለክፍሉ ከፍ አድርገው፣ "ጠቃሚዋ መጣች!"

አንድ እጅ ከብርድ ልብስ ሥር ወጣ። ሌላም ተከተለ። ዓይናቸው የታሸገ ሴቶች ከየአልጋቸው እጃቸውን ወደ አየር ዘርግተው፣ ወዴት እንዳለች ሳያውቁ ጠበቋት። እኔ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ጣራውን አይቻለሁ፣ ሥዕሉን አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን እግሬ ጫማ በማድረጉ አፍሬ አላውቅም።

እታለም ከአልጋ አልጋ ሄደች። እጅ ያዘች፣ ስማቸውን ጠየቀች፣ የት እንደሚያማቸው ጠየቀች። ለምን "ጠቃሚዋ" እንደሚሏት ሲነግሯት አለቀሰች። አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው አለፈ።

በማግስቱ ሳሙና ከማጠቢያው ውስጥ አንድ ነገር በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣች። ባጁ ነው። እታለም ሽርጧን ስታወልቅ ኪሷ ውስጥ ረስታው አብሮ ታጥቧል። ስሟም የለ፣ ጽሑፉም የለ፤ ነጭ ወረቀት በላስቲክ።

"በእኔ ሳሙና እኮ ነው!" አለች ሳሙና እየኮራች።

እታለም አየችው፤ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ እስኪያስነጥሳት ሳቀች። "አሁን ባጅሽ የታለ ቢሉኝ ምን እላለሁ?"

"አራተኛ ፎቅ ባጅ የሚያነብ ታማሚ የለም" አልኳት።

ከባጁ ጀርባ ያለውን መርፌ ቁልፍ ነቅላ ወሰደችው። አሁን የምትጠቅመውን አንሶላ እጥፋት የምትይዝበት እሱ ነው። በየቀኑ ከምሳ ሰዓቷ ሩቡን ቆርሳ ደረጃውን ትወጣለች። ለሰብሳቢዋም ሄዳ ነገረቻት፤ ሰብሳቢዋ ምን እንዳለቻት ግን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

የጠየቅኋት ሌላ ነው። ሦስት ቀን ዋጥኩት፣ በአራተኛው አወጣሁት።

"እታለም፣ አስተምሪኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። አላሾፈችብኝም፤ ብታሾፍ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ሳበችልኝ፣ መርፌ ሰጠችኝ፣ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ መርጣ ሰጠችኝ። ማሽን ያስነሣሁ ሴት ለዚያች ቀዳዳ ግማሽ ሰዓት አላበኝ። ሁለት ጊዜ ተወጋሁ። ስጨርስ የዶሮ ጭረት መሰለ፤ ቢሆንም ተዘግቷል። ክሩን ጎትቼ በጥርሴ በጠስኩና በኩራት ዘረጋሁላት።

እታለም ስፌቱን አላየችውም። ጣቴን ይዛ በላዩ ላይ አሳለፈችው። አንድ ቦታ ላይ ጣቴን ነካችው፤ የእህል ፍሬ የምታህል ቋጠሮ።

"እዚህ ላይ ማን እንደሚተኛ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አለች። "ፍቺው።"