በሰኔ የወረዱ ልብሶች

በሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ሰኔ ሲጋመስ ሱቆች ይከሳሉ። እህል ነጋዴው ጆንያውን ወደ ጓዳ፣ ጨርቅ ነጋዴው ጣቃውን ወደ ዘመድ ቤት ያሸሻል፤ የቆርቆሮ ሻጩ ሚስማር አልጋ ሥር ይገባል። በጀቱ የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው። ከዚያ በፊት የግብር ገማቾች በየበሩ ይዞራሉ፤ ገማች ደግሞ የሚገምተው ዓይኑ ያረፈበትን ነው። ዓመቱን ሙሉ «ሁሉ አለ፣ ግቡ!» ሲል የከረመ ነጋዴ በዚያ ሰሞን «ምን አለና ብላችሁ ነው» ማለት ይጀምራል።

ፀሐይነሽ ይህን ልማድ አትወደውም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኢኮኖሚክስ የተማረች ሴት ናት፤ ከባሏ ከመኩሪያ ጋር ላውንደሪውን ሲከፍቱ ከካውያው በፊት የገዛችው የሒሳብ መዝገብ ነው። ለጎረቤቶቿም ሰኔ በመጣ ቁጥር የምትመክረው ያው ነው። «አትደብቁ፤ አስቀድማችሁ አስቡ። ጣሪያው የሚያፈስ ካለ ከሰኔ ሠላሳ በፊት ያሳድስ፣ ደረሰኙንም ይያዝ፤ ወጪው በዘንድሮው ይያዝለታል። የተበላሸ ዕቃ ያለው አሁኑኑ አስመስክሮ ከሒሳቡ ያውጣ።» የሰሟት ተጠቅመዋል። የራሷን መዝገብ ግን አምና ገማቾቹ ገልጠው እንኳ አላዩላትም። የገማች ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገብረየስ፣ ማዞሪያው ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው፣ ቀና ብሎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋውን መስቀያ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህን ሁሉ ሥራ ሰቅለው ነው እንዲህ ያለ ገቢ የጻፉት፣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ?»

መልሱ የሚነገር አልነበረም። መስቀያው ዘንግ ላይ ካለው የሚበዛው ልብስ የዚያ ዓመት ሥራ አይደለም። በሽብሩ ዘመን ለማጠቢያ ገብቶ ባለቤቱ ያልመጣለት ነው፤ የተማሪ ሹራብ፣ የአስተማሪ ኮት፣ ለሠርግ የተሰፋ ሙሉ ልብስ። «ለምን አልመጡም?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም ግን አፉን ሞልቶ አይናገረውም። ስለዚህ የገመቱትን ተቀብላ፣ ግብሩን ለመክፈል የአንገቷን ወርቅ ሸጠች። ዘንድሮ የሚሸጥ ወርቅ የለም። ግብሩ ካልተከፈለ ፈቃዱ አይታደስም። ፈቃዱ ካልታደሰ ቤቱ የቀበሌ ነውና ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያኔ አንድ ቀን ከነዚያ ሰዎች አንዱ በሩን ገፍቶ ቢገባ የሚያገኘው የማያውቀውን ሰው ነው። መኩሪያም ቢሆን።

መኩሪያ አስተማሪ ነበር። በዚያው በሽብሩ ዘመን፣ በጥር ወር አንድ ጠዋት ግራጫ ኮቱ ላይ ሻይ ደፍቶበት አምጥቶ ባንኮው ላይ አስቀመጠላት። እሷም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቲኬት ቆርጣ ግማሹን ኮቱ ላይ በመርፌ ያዘችው፣ ግማሹን ለሱ ዘረጋችለት።

«ለባልሽም ቲኬት?»

«አንተው አይደለህ የጻፍከው?» ብላ ግድግዳውን አመለከተችው። እዚያ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ያለ ቲኬት ልብስ አይወጣም» ይላል፤ ጥቁር ሰሌዳ በለመደ በሱ የእጅ ጽሕፈት። ሳቀና ቲኬቱን ሸሚዝ ኪሱ ከቶ ወጣ። ማታ አልተመለሰም። በየደጁ ጠየቀች፤ በየደጁ «እዚህ የለም» አሏት። ሞቷል ያላት ስለሌለ አልተለቀሰም፤ ስላልተለቀሰም ጥቁር አልለበሰችም። ኮቱ ከሌሎቹ ጋር ተሰቀለ። ከነዚያ ልብሶች አንዱን እንኳ ለነዳይ ብትሰጥ የመኩሪያን የሰጠች ይመስላት ነበር።

ገማቾቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው እትዬ አሰገደች ገባች፤ ከጎኗ ጨውና በርበሬ የምትቸረችር፣ ምላሷ ከበርበሬዋ የማይተናነስ ሴት ናት።

«አንቺ ልጅ፣ የሰውን ሒሳብ ታቃኛለሽ፣ የራስሽን ዘንግ ላይ ሰቅለሽ ለገማች ታሳያለሽ። አውርጂው!»

«የሰው ንብረት እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ መች አጣሁት! ግብሩን የምትከፍዪው ግን አንቺ ነሽ። ወይ በያቸው፣ መጥተው ኪሳቸውን ይዳብሱና ያዋጡ!» ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ይቅር በይኝ። ይሄ አፌ።»

«ግድ የለም።»

«ሽጪው አልልሽም፤ ስጪውም አልልሽም። እስኪያልፉ ድረስ እኔ ጓዳ ይደር። የኔን ሱቅ ነገ ጠዋት ገምተው ይጨርሳሉ፤ ተመልሶ ጓዳዬን የሚያይ የለም። እዚያ ያለው አይጥ እንደሆነ ሱፍ አይወድም።»

ፀሐይነሽ ያን ቀን እሺ አላለችም። በማግስቱ አሰገደች ተገምታ እፎይ ስትል ግን ልብሶቹን አንድ በአንድ አወረደች፤ በአንሶላ ጠቅልላ ወሰደቻቸው። የመኩሪያን ኮት በመጨረሻ አወረደችው። ስትመለስ ዘንጉ ባዶ ሆኖ ጠበቃት፤ ግድግዳው ላይ ልብሶቹ የከለሉት ቦታ ከሌላው ነጥቶ ይታያል። እዚያ ላይ ዓይኗን ላለማሳረፍ ፊቷን አዙራ ካውያ ስታቀጣጥል ዋለች።

ገማቾቹ በዝናብ መጡ። አቶ ገብረየስ ጥላውን በር ላይ አራገፈ፤ ከግብር መሥሪያ ቤት የተላከው ጸሐፊ ፋይሉን ከካፖርቱ ውስጥ አወጣ። ዘንጉ ላይ ከጥቂት ሸሚዞች በቀር ምንም የለም።

«ምነው ዘንድሮ ቀዘቀዘ?» አለ ገብረየስ።

«ክረምት ነው። ሰው ቢያሳጥብም አይደርቅለት።»

«ይህስ እውነት ነው። የኔም ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።» ወደ ጸሐፊው ዞረ። «በአምናው እኩሌታ ብንይዝላቸውስ?»

ጸሐፊው ትከሻውን ነቀነቀና ብዕሩን ከፈተ። ፀሐይነሽ ባንኮውን ተደግፋ ቆመች። በእኩሌታው ከሆነ ትችለዋለች፤ ቀድማ አስባዋለች። ከየወሩ እየቆነጠረች ያስቀመጠችው ይበቃል።

በዚህ መሐል በሩ ተገፋ። የገባው ሰው የላስቲክ ጫማ ያደረገ፣ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ የቀጠነ ነው። በእጁ አንዲት ፌስታል ይዟል። ሁለቱን ሰዎች አየና ከበሩ ሳይርቅ ቆመ።

«እህቴ፣ ካፖርት ነበረኝ። ቡናማ ነው። የግራ ኪሱ በሰማያዊ ክር የተሰፋ።»

«መቼ ያስገቡት?»

«ቆይቷል።» ፋይሉን እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሩቅ ነበርኩ።»

ካፖርቱን ወዲያው አወቀችው። ለዓመታት በየመስቀል በዓሉ አውርዳ አራግፋዋለች፤ ያ ሰማያዊ ክርም የማን እጅ ይሆን ብላ አስባ ታውቃለች።

«ማን ልበል?»

«ደቻሳ።»

«ቲኬት ይዘዋል?» አለች። ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው።

«ስንገባ ኪሳችንን ሲያራግፉ ወሰዱት።»

አቶ ገብረየስ ግድግዳውን በጥላው ጫፍ አመለከተ። «ተጽፏል እኮ ወንድሜ። ያለ ቲኬት አይወጣም። እኛም ሥራ ላይ ነን።»

ማምለጫው በሰው አፍ ተነገረላት። ከሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ሰውዬውም አልተከራከረም።

«ልክ ነው» አለ። «ይኖራል ብዬም አይደል። በዚህ ሳልፍ ቤቱ ራሱ አለ ወይ ብዬ ነው።» እጁን ወደ በሩ ሰደደ።

የመኩሪያ ሸሚዝ ኪስም እንዲሁ ተራግፎ ይሆናል። እሱም አንድ ቦታ፣ አንድ ደጅ ላይ፣ የገዛ ጽሕፈቱን በጣት እያሳዩት «አይወጣም» ይሉት ይሆናል።

«ይጠብቁኝ» አለች።

ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ በዝናቡ ወጣች። አሰገደች የጓዳዋን በር በጀርባዋ ዘግታ ቆመች።

«ሰዎቹ እዚያው አይደሉም እንዴ? አብደሻል? ነገ ይምጣ በይው!»

«ዛሬ ባዶ እጁን ከሄደ ነገ አይመጣም፣ እትዬ።»

አሰገደች ፊቷን ዓይታ ከበሩ ገለል አለች።

ደቻሳ ካፖርቱን ለበሰው። በፊት ልኩ የነበረው አሁን ሁለት ሰው ይይዛል። እጁን በግራ ኪሱ ከቶ ክሩን በጣቱ ዳሰሰው። «እናቴ የሰፋችው ነው» አለ፤ ለማንም የተናገረው አይመስልም።

«ወይዘሮ ፀሐይነሽ» አለ ገብረየስ ቀስ ብሎ፣ «ይህ ከየት መጣ?»

«ከጎረቤት።»

«ሌላ አለ?»

የለም ማለት ትችል ነበር። አንድ ካፖርት ምን ያደርጋል፣ ተረስቶ ነው ብትል የሚያምናት አታጣም። ደቻሳ ግን እዚያው ቆሞ ነበር።

«አለ።»

«እንግዲያ ያምጡትና እንየው።»

በአንሶላ የተጠቀለለውን እሷና አሰገደች፣ ኋላም ደቻሳ ራሱ እየተሸከሙ አመጡት። አሰገደች በገማቾቹ ፊት ስታልፍ «ጓዳዬ ሰፊ ነው፣ እሱንም ገምቱት!» አለች። የሳቀላት የለም። ዘንጉ ሞላ፤ የነጣው ግድግዳ ተሸፈነ።

«የማን ነው ይህ ሁሉ?» አለ ጸሐፊው።

«ያልመጡ ሰዎች ነው።»

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጸሐፊው ወደ ሰብሳቢው ዞረ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እሱን አትጽፍም!» አለ ገብረየስ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ሰበሰበ። «ልብስ ብለህ ጻፍ። በሥራ ላይ ያለ ልብስ።»

«አቶ ገብረየስ፣ እርስዎም ነጋዴ ነዎት። ያልመጣ ሰው ገቢ አያመጣም።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ። የምጽፍበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ የለም።»

የአምናውን ግምት እንዳለ ያዙ፤ ስለ መደበቁም ቅጣት ጨመሩበት። ፈረመች። ገብረየስ ሲወጣ ዘንጉን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አየው፤ የሚፈልገው ልብስ ያለ ይመስል ነበር። ምንም ሳይል ጥላውን ዘርግቶ ሄደ።

ደቻሳን እስከ በሩ ሸኘችው። ዓመታት ያጠራቀመችውን ጥያቄ እዚያ አወጣችው።

«መኩሪያ የሚባል… ረዘም ያለ። አስተማሪ ነበር።»

ሰውዬው ለመዋሸት አልቸኮለም። ዝናቡን እያየ ብዙ አሰበ።

«አስተማሪ ብዙ ነበር፣ እህቴ» አለ። «ስም መጠራራት ደግሞ አንደፍርም ነበር።»

«ገባኝ።»

«የማጠቢያውን… ሥራ ባገኝ…»

«እሱ ያኔ ተከፍሏል፣ አቶ ደቻሳ።»

ወደ ውስጥ ተመልሳ ከባንኮው ኋላ ተቀመጠች፤ ለሰው የምትመክረውንም ለራሷ አደረገች። አስቀድማ አሰበች። የምትሸጠው አንድ ነገር አለ፤ መኩሪያ በብድር የገዛው የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ሐምሌ ሳያልቅ ከተሸጠ ግብሩን ይሸፍናል። ከዚያ ወዲያ በገንዳ፣ በእጅ ነው የሚታጠበው። የቦሌዎቹ ደንበኞች ይሸሹ ይሆናል፤ የሰፈሩ ሰው አይሸሽም። የሚመጣው ዓመት ጠባብ ነው፤ ቤቱ ግን አይዘጋም።

ግራጫውን ኮት ከጥግ አንስታ በበሩ ትይዩ ሰቀለችው፤ ግማሽ ቲኬቱ በመርፌው እንደተያዘ ነው። ከዚያ ወንበር ስባ ወጣችና ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ነቀለች። ጽሕፈቱን ላለመቅደድ ጠርዙን በጥፍሯ እያላቀቀች ቆየች፤ አጥፋም መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

አንሶላዎቹን ልታጥፍላት የመጣችው አሰገደች በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

«ደግሞ እሱን ምን አደረገሽ? እንግዲህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ‹የኔ ነው› እያለ ቢመጣብሽስ?»

ፀሐይነሽ ከወንበሩ ወረደች።

«ይምጣ ብቻ» አለች።