የጀነራሉ ክብደት

አባቴ ስለ ጀነራሉ በተጠየቀ ቁጥር አፉን ሞልቶ የሚመልሰው አንድ መልስ ነበረው፤ «አምስት ሜትር ተኩል፣ ሰባት መቶ ኪሎ።» ጎብኚዎች ይህን ሰምተው ወደ ገንዳው ጎንበስ ይላሉ፤ ቀና ሲሉ ደግሞ የአባቴን ሰው ሠራሽ እግር በጎን ያያሉ። በወጣትነቱ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያስቆረጠው ይኸው አዞ ነው። ከእንዲህ ያለ ጭራቅ አፍ በአንድ እግር ተርፎ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ አባቴም ዕድሜውን በዚህ ተከብሮ ኖረ።

እኔም እዚያው የአዞ እርባታ ውስጥ አብሬው እሠራለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። «አዞ ዘርግቶ የሚለካ ነፍሱን የጠላ ነው» ይለኝ ነበር። «አፉን በገመድ ታስሪያለሽ፣ ዓይኑ ላይ እርጥብ ጆንያ ትጥያለሽ፣ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ራስ ቅሉ መጨረሻ ለክተሽ በሰባት ታባዣለሽ። ቁመቱ ያ ነው፤ ክብደቱን ከቁመቱ ትደርሺበታለሽ።» ግቢው ውስጥ ያሉትን ሁሉ እንዲህ ለካናቸው። ጀነራሉን ግን አንድም ቀን አስነክቶኝ አያውቅም። «እሱ የታወቀ ነው» ይል ነበር።

የጀነራሉ ገንዳ ተሰንጥቆ ውሃ ማፍሰስ ሲጀምር ወደ ሌላ ማዛወር ግድ ሆነ። የእንስሳት ሐኪም ተጠራች፤ ረጋ ያለች፣ ሰው አክባሪ ሴት። ውሃውን አጎደልን፣ አፉን አሰርን፣ ዓይኑን በጆንያ ሸፈንን።

«ኪሎው ስንት ነው፣ ጋሼ?» አለችው አባቴን። «ማደንዘዣው በኪሎ ነው የሚሰጠው። ከበዛ ትንፋሹ ይቆማል።»

«ሰባት መቶ» አለ አባቴ፣ ቅንጣት ሳያመነታ።

ሐኪሟ መርፌውን መሙላት ጀመረች። ገመዱን ሳስር ከቅርብ አይቼዋለሁ፤ ጭንቅላቱ ከክንዴ ስንዝር እንኳ አይበልጥም፤ በሰባት ቢባዛ አምስት ሜትር አይደርስም። ሠራተኛው ሁሉ ከበን ቆሟል፤ አባቴን የሚዳፈር ግን የለም። እኔስ ብሆን አዞ ላድን ብዬ አባቴን በሰው ፊት ላዋርደው? ዝም ብል ደግሞ እንስሳው ዓይኔ እያየ ይሞታል፤ የሚገድለውም አባቴ ራሱ ነው።

«ዶክተር፣ ትንሽ ቆዪ» አልኩ። «መጀመሪያ ይለካ።»

«ምኑ ነው የሚለካው?» አለ አባቴ።

«ጭንቅላቱ፣ አባባ። አንተ እንዳስተማርከኝ።»

«እሱ ለሁሉም አይሠራም። ያቺን እያት» ብሎ ወደ ጎረቤት ገንዳ ጠቆመ። እዚያ ያለችው ከአዞ ዘመዶች አንዷ፣ አፈ ቀጭን ያልናት ናት። ስለ እሷ እውነቱን ነው፤ አፏ ብቻውን ተመዝዞ ስለሄደ በሰባት ብናባዛው ገንዳዋ አይበቃትም።

«እሷ አፈ ቀጭን ናት። ጀነራሉ አይደለም።»

«እኔን ነው የምታርሚው?»

ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ቀና ብዬ ማየት ስላልቻልኩ ተንበርክኬ ሜትሩን ዘረጋሁ። ሃምሳ ስምንት ሴንቲሜትር። በሰባት ሲባዛ አራት ሜትር ከምናምን። ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ አሰላችና የቀዳችውን ከግማሽ በላይ መልሳ ደፋችው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ጀነራሉ እንደሚገባው ደነዘዘ። ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ ጭነን ገፍተን የሥጋ መጋዘኑ ሚዛን ላይ አወጣነው፤ ሦስት መቶ አሥር ኪሎ። አዲሱ ገንዳ ዳር ትንፋሹ እስኪስተካከል ስንጠብቅ ሐኪሟ በቅን ልቦና ለሠራተኞቹ ታስረዳ ነበር። «አዞ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል።» አባቴ ከኋላ ቆሞ ይሰማል።

አዞው ነቅቶ ውሃ ከገባ በኋላ አባቴን ልብስ መቀየሪያ ክፍል አገኘሁት። አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ቱታውን አላወለቀም። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የገባሁት፤ ቀደመኝ።

«ያኔ እግሬን ሲወስደው እኮ ገና ትንሽ ነበር» አለኝ። «ቁመቱ የአሁኑን ግማሽ ቢሆን ነው። ስንት ይመዝን ነበር ማለት ነው?»

ሒሳቡን ሚዛኑ አጠገብ ሳለሁ ጨርሼዋለሁ። አርባ ኪሎ እንኳ አይሞላም። አባቴ ያኔ ኩንታል ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ወጣት ነበር።

«እንጃ፣ አባባ» አልኩት።

«ቅድም ሰው ፊት እንጃ አላልሽም» አለኝ።