ስፖንጁን ማን አጠበው?

ዘጠነኛው ዓሣ ሲሞት በረኪና ደሟ ፈላ። በረኪና ስሟ አይደለም፤ የሆስፒታል ባልደረቦቿ ያወጡላት ቅጽል ነው። ሥራዋ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን ማምከን ነው፤ መቀሱን፣ መቆንጠጫውን፣ ምላጭ መያዣውን ትፈትጋለች፣ ታጥባለች፣ በእንፋሎት ትቀቅላለች። ከእሷ እጅ በወጣ ዕቃ ላይ ጀርም አገኘሁ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። እንዲህ ያለች ሴት ቤት ዓሣ በላይ በላዩ ሲሞት ሰው ምን ይላል? የሚለውንማ ብሏል፤ እንደርስበታለን።

የዓሣ ገንዳውን ያመጣው ባሏ ነው። መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ እንጂ ሰውዬ!» ሲል ይውልና ቤት ሲገባ ፍሬኑን የሚይዘው ምላሱ ላይ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ቀን ገንዳውንም፣ ጠጠሩንም፣ አሥር ዓሣዎችንም በአንዴ ተሸክሞ ገባና «እማዬ ዓይኗን የምትጥልበት ነገር ታግኝ ብዬ ነው» አለ። እናቱ እነሱ ዘንድ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

አማትየዋ ክፉ ሰው ናቸው ማለት ግፍ ነው። ወገባቸውን የታመሙ ጊዜ ያስታመመቻቸው ምራታቸው ናት፤ እሳቸውም ይህን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይናገራሉ። የልጅ ነገር ሲነሳ ግን አፋቸው አያርፍም። «ቤቱ ጭር አለብኝ» ይላሉ። «ጎረቤታችን እንኳ ሦስተኛዋን ታቀፈች» ይላሉ። ይህን ሁሉ ሲሉ የሚያዩት ልጃቸውን ሳይሆን ምራታቸውን ነው። ምራትየዋም ዋጥ ታደርገዋለች።

ለምን ትውጣለች? ከሦስት ዓመት በፊት ባልና ሚስት አብረው ተመርምረው ነበር። እሷ ደህና ነች። ችግሩ የእሱ ነው፤ ሐኪሙ ቁልጭ አድርጎ ነግሯቸዋል። የዚያን ቀን መኪና ውስጥ እጇን ይዞ «እማዬ እንዳትሰማ፤ ቀስ ብዬ እኔው እነግራታለሁ» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አሳዘናት፣ እሺ አለችው። ይኸው ቀስ ማለቱ ሦስት ዓመት ሞላው!

ዓሣዎቹ በገቡ በሦስተኛው ቀን አንዱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። በረኪና እጅጌዋን ሰብስባ በረኪናዋን አነሳች። ውሃውን ጠብታ ሳታስቀር ደፋችው። ጠጠሩን በፈላ ውሃ አጠበችው። ከሞተሩ ውስጥ ውሃውን የሚያጣራውን ስፖንጅ አውጥታ በበረኪና ዘፈዘፈችው፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አለቀለቀችው። ገንዳው እንደ መስታወት ጠራ። በማግስቱ ሁለት ሞቱ። እንደገና አጠበች። ሦስት ሞቱ። በባሰባት ቁጥር ፍትጊያው እየባሰ ሄደ። ባሏ ሶፋው ላይ ሆኖ ያያታል፤ አንዳንዴ አፉን ከፈት ያደርግና መልሶ ይገጥመዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቀርቦ ሳለ ዘጠነኛው ተንሳፈፈ። አማትየዋ ወደ ገንዳው አንገታቸውን አሰገጉና «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሥራሽ ማምከን አይደል? ቤትም ይዘሽው ገባሽ» ብለው ሳቅ አሉ።

ቀልድ መሆኑ ነው! መካን ማለት ቢያፍሩ ዞር አድርገው አሏት። በረኪና ባሏን አየችው፤ ባሏ ብርጭቆውን አየ። የሞተውን ዓሣ በፌስታል ከትታ በሩን ድርግም አድርጋው ወጣች።

«ያ ሌባ ሻጭ በሽተኛ ዓሣ ሸጦልን ነው» እያለች መንገዱን በእርግጫ ትለው ጀመር። «አንገቱን ይዤ አምጥቼ እፊታቸው አስለፈልፈዋለሁ!»

ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በገንዳ የታጨቀ ነው። ሻጩን ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ነክሮ መረብ ይዞ አገኘችው።

«ስማ አንተ! ይሄን አየኸው?» ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። «በሽተኛ ለሰው ይሸጣል? ኅሊና የሚባል ነገር አልፈጠረብህም?»

ሻጩ እጁን በሱሪው ጠርጎ ዓሣውን አገላብጦ አየ። «እህቴ፣ ይሄ ታሞ አይደለም። መተንፈሻው ተቃጥሎ ነው። ገንዳውን የሚያጸዳው ማነው?»

«እኔ ነኛ! በየቀኑ! መጥተህ ብታየው ፊትህን ትላጭበታለህ!»

«ስፖንጁንስ?»

«በበረኪና።»

ሻጩ ግንባሩን ያዘ። «ወይኔ እህቴ፣ ጨረስሻቸው!»

ልትጮህበት አፏን ስትከፍት እጁን አነሳ። «አንዴ ስሚኝ። ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ከቆሻሻው አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። መልክ የለውም፤ ውሃው ጥርት ብሎ እያየሽው ዓሣውን ያቃጥለዋል። ይሄን መርዝ የሚበሉለት ባክቴሪያዎች አሉ፤ ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ነው የሚሰፍሩት። አዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪባዙ ወር፣ ወር ተኩል ይፈጃል። አንቺ ገና ብቅ ሲሉ በየቀኑ ትፈጃቸዋለሽ።»

«ጀርም ይጠቅማል ነው የምትለኝ? ለእኔ?»

«ለዓሣው ይጠቅመዋል። ውሃው እንኳ በትንሽ በትንሹ ነው የሚቀየረው፤ ሙሉውን በቧንቧ ውሃ ከቀየርሽው ክሎሪኑም ያቃጥለዋል፤ ስፖንጁም ከዚያው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ይደረጋል፣ በቃ። አንቺ ገንዳውን አላጸዳሽውም፤ አመከንሽው።»

ያቺው ቃል! ሃያ ዓመት የኮራችባት ቃል በአንድ ጠዋት ሁለቴ በጥፊ አላሰቻት። እሷ ራሷ በገዛ እጇ እንደገደለቻቸው ገባት፣ መግባቱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ታዲያ ስትሸጥ አፍህን ምን ያዘው? ለምን አልነገርከንም?»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ለባልሽ ነግሬዋለሁ እኮ! ገንዳውን ውሰድ፣ ዓሣ ከወር በኋላ፣ እሱም ሁለት ሁለት እያልክ ብለው፣ እናቴ ዛሬውኑ ካላየች ብሎ ድርቅ አለ። ቢጨንቀኝ በወረቀት ጻፍኩለት። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳትነኩት፣ በረኪና በፍጹም! ሁለቴ አሰምሬበታለሁ። ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ሲከተው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ለካስ ባሏ አፉን ከፈት የሚያደርገው ለዚህ ኖሯል! እሷ ወገቧ እስኪቆረጥ ስትፈትግ፣ ዓሣው በላይ በላዩ ሲያልቅ፣ እናቱ ሲሳለቁባት፣ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሻጩን ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። እሱን ለመስደብ አምጥታው የነበረው ንዴት ባለቤቱን አግኝቷል።

ቤት ስትደርስ እናትና ልጅ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«ወረቀቱ የታለ?»

«የቱ... የቱ ወረቀት?»

«ዓሣ ሻጩ የጻፈልህ!»

ባልየው ፊቱ አመድ መሰለ። «እንደዚያ ለፍተሽ ስታጥቢ ሳይ... ብናገር ትቆጪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር።»

«ቀስ ብለህ! አንተ ቀስ ስትል እኔ ላልቅ ነው!»

«ምን ጉድ ነው?» አሉ አማትየዋ። «በዓሣ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

«እማማ፣ ዓሣዎቹን የጨረስኳቸው እኔ ነኝ፤ በእነዚህ በእጆቼ። ስለ እነሱ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ እቀበላለሁ። ልጅ ለምን እንዳልወለድን ግን ልጅዎ ይንገርዎት። አሁን! እኔ ከዛሬ በኋላ አልሸከምለትም።»

ባልየው ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ እሷ ናት። ወደ እናቱ አየ፤ እናቱ እየጠበቁት ነው።

«እማዬ... እሷ አይደለችም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። ሐኪሙ ከነገረን ሦስት ዓመት ሆነው።»

አማትየዋ ወደ ምራታቸው ሊዞሩ ሞከሩ፤ ዓይናቸው እምቢ አላቸው። እጃቸው የጋቢውን ጫፍ እየጠቀለለ ይፈታል።

«እኔ ይሄን ሁሉ ስናገራት...» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዛሬ ጠዋት ያን የነውር ቃል ስወረውርባት... አንተ እዚህ ተቀምጠህ ትሰማኝ ነበር?»

«ይሰማ ነበር» አለች በረኪና። «ሻዩን እየጠጣ።»