የመርዶው ምዕራፍ

ሙአዝ ወደ ጄኔቫ ለመሄድ ሸሚዙን ሲለብስ ሚስቱ ረውዳ ዓይኑን ሳታይ ኮሌታውን አስተካከለችለት። ሸሚዙንም የተኮሰችው እሷ ናት። ረውዳ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ስለ መጽሐፉ አንድ ቀና ቃል ተናግራ አታውቅም፤ «ወረቀትህ ልጅ አያሳድግም» የምትል ሴት ናት። የዚያን ቅዳሜ ግን ስንቅ ቋጥራ «አላህ ያሳካልህ» አለችው። ሙአዝ ደስ አለውና ወጣ።

ሙአዝ ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን የሚኖር፣ ክሎተን ኤርፖርት ለአውሮፕላን ምግብ የሚጭን ሰው ነው። ደራሲም ነው፤ ይህን ግን ከራሱና ከእናቱ በቀር የሚያምንለት አልነበረም። አንድ ልቦለድ በአማርኛ ጽፎ፣ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ ለሥነ ጽሑፍ ወኪሎች መላክ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ወኪል ማለት ደራሲን ከአሳታሚ የሚያገናኝ ደላላ ነው፤ እንደ ቤት ደላላ ግን ስልክ አያነሳም። ግማሾቹ ዝም አሉት። ግማሾቹ «ጽሑፍዎን በደስታ አንብበናል፤ ለእኛ ግን አይሆንም» እያሉ በትሕትና ሸኙት። በደስታ ያነበበ ሰው እንዴት እምቢ እንደሚል ሙአዝ እስከ ዛሬ አልገባውም። በየመጽሐፍ ፌስቲቫሉ እየዞረ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሌሎች ደራስያን ስለ ራሳቸው ሲያወሩ ሰምቷል። አንዴማ አስተናጋጅ መስሏቸው ኮታቸውን ያስያዙት ሰዎች ነበሩ። ሰቅሎላቸው ተመልሶ ተቀመጠ።

አሁን ግን ማዳም ዱቫል የምትባል የጄኔቫ ወኪል ሙሉውን መጽሐፍ ጠይቃ አንብባ፣ በከተማዋ የመጽሐፍ ፌስቲቫል እሁድ ጠዋት እንገናኝ ብላ ጽፋለታለች።

እናቱ ደሴ ታማ ከተኛች ቆይታለች። ማንበብ አትችልም፤ የልቦለዱ ግማሽ ግን ከእሷ አፍ የተቀዳ ነው። በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው «መጽሐፉ ምን ደረሰ?» ብላ ነው። «ዓይኔ ሳይከደን እሺ አሉኝ በለኝ፤ ሌላ ምንም አልልህም» ብላዋለች። እንግዲህ ሙአዝ ወደ ጄኔቫ የሚሄደው ለዚህ ነበር፤ እሺ ተብሎ፣ ደውሎ፣ «እማዬ፣ እሺ አሉኝ» ለማለት። ዝናው የሚመጣ ከሆነ ቆይቶ ይምጣ።

ሰሞኑን ሲደውል ግን ስልኩን የምታነሳው ታናሽ እህቱ ሰፊያ ናት። አንዴ «ተኝታለች» ትለዋለች፣ አንዴ «መድኃኒቱ አድክሟታል»። ድምጿ ሻክሮ ነበር፤ ጉንፋን ነው አለችው። ልቦለድ ማለት ውሸት ነው ብለው የሚያምኑት ሐጂ ዓብዱልሰመድ፣ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ሽማግሌ፣ ደውለው መረቁት። የሥራ ባልደረባው ደጀኔ ሳይጠየቅ «ቅዳሜን እኔ እሠራልሃለሁ» አለው። ሙአዝ ይህን ሁሉ ደግነት መጽሐፉ ያመጣለት ነው ብሎ ደመደመ።

የጄኔቫው አዳራሽ የተመላላሽ ሕሙማን ክፍል ይመስል ነበር። ጀማሪ ደራስያን ወረቀታቸውን ታቅፈው ስማቸው እስኪጠራ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ አንዷ ልጅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምትናገረውን ትለማመዳለች። ማዳም ዱቫል ነጭ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናት። ሻይ እንኳ አላለችውም።

«ጥሩ ጽፈዋል» አለችው። «በጣም ጥሩ። አንድ ምዕራፍ ብቻ አላመንኩም።»

ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ የመርዶውን ምዕራፍ አወጣች።

ምዕራፉ የእናቱ ታሪክ ነው። አራስ ሳለች ወንድሟ አሰብ ላይ ሞቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያውቅ፣ ትበርታ ተብሎ ለእሷ ብቻ ተደበቀ። አንድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ደጇን ሞልተው ስታያቸው «ምነው፣ በሰላም?» ብላ እየሳቀች ተቀበለቻቸው። ያን ሳቋን ዕድሜዋን ሙሉ ስታፍርበት ኖራለች። ሙአዝ ታሪኩን ወስዶ በልቦለዱ ውስጥ በውጭ አገር ለሚኖር ሰው ሰጠው። ከነገረችው ሁሉ «ይህችን ጻፍልኝ» ያለችው ይህን ታሪክ ብቻ ነው።

«ሰውየው አስተዋይ ነው ብለውናል» አለች ማዳም ዱቫል። «ሚስቱ ዓይኑን ትሸሻለች። የእህቱ ድምፅ ተዘግቷል። ጓደኞቹ በድንገት ደግ ሆነዋል። እንዴት አያውቅም? እነሱስ ለምን ይዋሹታል? ጭካኔ እኮ ነው።»

«ጭካኔ አይደለም» አለ ሙአዝ። «እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገድ ለሚሄድ፣ ጉዳይ ለያዘ ሰው አይነገርም። ጉዳዩን ይጨርስና ቤቱ ይገባል። ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ከቦት ነው የሚነገረው።»

አፉ የሚናገረውን ጆሮው አልሰማውም።

«ይሆናል» አለች። «አንባቢ ግን አያምንም። ይህ ምዕራፍ ይውጣና ይላኩልኝ፤ መጽሐፉን እወስደዋለሁ።»

እናቱ ትዝ አለችው። ይህችን ጻፍልኝ ስትለው እጁን ጨብጣ ነበር።

«እሺ» አለ። «ይወጣል።» ለማሰብ የወሰደው ጊዜ ያሳፍራል፤ ምራቁን እንኳ አልዋጠም።

ባቡር ጣቢያው ደርሶ ደሴ ደወለ። «ሰፊያ! እሺ አሉኝ! ተኝታም ከሆነ ቀስቅሻት!»

ከሰፊያ ኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«እኔ እነግራታለሁ፣ ሙአዜ» አለችው። «ደስ ይላታል።» ስልኩ ተዘጋ።

ባቡሩ ሎዛንን ሲያልፍ ሙአዝ ወረቀቱንና እርሳሱን አወጣ። የሚሰርዘውን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ማንበብ ልማዱ ነው። ሰውየው ለእህቱ የሚደውልበት ቦታ ደረሰ። «ንቂ በያት» ይላል ሰውየው። «እኔ እነግራታለሁ» ትላለች እህቱ። ይህን የጻፈው ራሱ ሙአዝ ነው፤ ያውም እናቱ ገና ጤነኛ ሳለች።

እርሳሱ ቆመ። ማዳም ዱቫል እውነቷን ነበር፤ ሰውየው ያውቃል። ሙአዝ ሰፊያ ጉንፋን ነው ያለችው ዕለት አውቋል። ረውዳ ቧንቧ ከፍታ መታጠቢያ ቤት ስታለቅስ ሰምቶ፣ ቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨምሯል። ማወቁን ለጄኔቫ ማግሥት አቆይቶት ነበር፤ እሺ ሲባል የሚደውልላት እናት ያስፈልገው ነበርና። ልቅሶ ግን አልመጣለትም። ፊት ለፊቱ የተቀመጡ አሮጊት ፖም እየላጡ ነበር። እስከ ዙሪክ ድረስ መስኮቱን ሲያይ ሄደ።

ኦፕፊኮን ያለው ሕንፃ ኮሪደር ላይ ጫማ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ ለጥፏል። የዚያን እሁድ ከሰዓት ግን ከሙአዝ በር እስከ ደረጃው ድረስ ጫማ ተደርድሯል። እሁድን ከቸርች ቀርቶ የማያውቀው የደጀኔ ጫማም አለበት። ሙአዝ የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። ገብቶ «አውቄዋለሁ» ቢላቸው ምን ይላሉ? ይህን ሁሉ ቀን የተሸከሙለት በከንቱ ሊሆን ነው። እሱም እናቱ መሞቷን እያወቀ መጽሐፍ ሊሸጥ የሄደ ሰው ሊባል ነው። አፈረ። ከኀዘኑ እኩል አፈረ።

በሩን ከፈተው። ሁሉም ብድግ አሉ።

«ምነው፣ በሰላም?» አለ ሙአዝ፣ እየሳቀ።

«ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉ ሐጂ ዓብዱልሰመድ። «ሁላችንም የአላህ ነን። እናትህ ወደ አኼራ ሄደዋል።»

ከዚያ የወጣው ጩኸት ግን ምዕራፉ ላይ የተጻፈ አልነበረም። ደጀኔ ወገቡን ይዞት አብሮት ወደቀ። ሴቶቹ ስንት ቀን ያመቁትን ለቀቁት። ሐጂ ዓብዱልሰመድ «አልቅስ፣ ልጄ፣ ይውጣልህ» እያሉ ጀርባውን ያሹት ነበር።

ቤቱ ጋብ ሲል ረውዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቷ አባብጧል።

«አትንገሩት ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው። «የሴትዮዋ መልእክት የመጣልህ እማማ በሞቱ ማግሥት ነው። ቀብሩ እንደሆን በዕለቱ አልቋል፤ አትደርስም ነበር። ይህችን እንኳ ያግኝ ብዬ ነው። በድያለሁ?»

«አልበደልሽም።»

«እሺ አሉህ?»

«እሺ አሉኝ» አላት። ቃሉን ያዘጋጀው ለእሷ አልነበረም።

ረውዳ እጁን ያዘችው። እንዲህ ስለ መጽሐፉ ስትጠይቀው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «የእማማም ታሪክ አለበት አይደል? በስልክ ስናወራ "የወንድሜን ነገር ጽፎልኛል" እያሉ ይኮሩ ነበር። ተቀበሉት?»

ሙአዝ ዙሪያውን አየ። ሰዉ ሁሉ ከቦት ተቀምጧል።

«አለበት» አለ። የምዕራፉ መርዶ ለእሷ ደግሞ ሌላ ቀን ይነገራት።