ሽማግሌ የተላከባት ተጫዋች

ብሩክታይት ማውሱን ይዛ ከተቀመጠች ግማሽ ሰዓት አልፏታል። ቢቸና ኢንተርኔት ቢጠፋ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ለመሙላት በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ሞጣ መጥታለች፤ ምዝገባው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

"አንቺ ልጅ፣ ቶሎ ጨርሽ እንጂ። የሞጣን መብራት ታምኛለሽ?" አለቻት የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ውበቴ።

"ትንሽ ነው የቀረኝ፣ እትዬ።"

ትንሹ ነገር ግን ከሁለት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደምታስቀድም መወሰን ነው። የአንደኛው የመረብ ኳስ ቡድን በየዓመቱ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ይወዳደራል፤ አሰልጣኙም በዞኑ ውድድር አይቷት "ትምጣልኝ" ብሏል። ጠዋትና ማታ ልምምድ አለ፤ ፋርማሲ ከዚያ ጋር እንደማይሄድ ሰውየው ሳይደብቅ ነግሯታል። ሌላው ዘንድ ያለው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወት የተማሪዎች ክለብ ብቻ ነው። ፋርማሲ ከልጅነቷ የምትመኘው ትምህርት ነው። ግን ስሟ በማይክሮፎን ሲጠራ፣ ሰው ሲያጨበጭብላት ደስ ይላታል፤ ይሄን ለማን ትዋሻለች?

ነገሩን ያከረረው የስፖርት መምህሯ ዓለምነህ ነው። ልጅቷ ስታመነታ ጊዜ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንደ ሚስት ፈላጊ ሦስት ሽማግሌ አባቷ ቤት ላከ። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው "ልጅቷን ለቡድኑ ይስጡን፤ እሺ ካላሉን አንቀመጥም" አሉ። አባቷ አቶ አምላኩ ደግሞ ሽማግሌ ቆሞ ማየት አይችሉም፤ "ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡ" አሉ። ብሩክታይትን ማን ጠየቃት? ማንም። ጓዳ ሆና ሰማች፤ ተናደደች፣ ደግሞም ኮራች።

ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው።

"ሞላሽው ወይ?"

"ገና ነኝ፣ አባባ።"

"ቡድኑን ነዋ የምታስቀድሚው።"

"አባባ፣ ኳሱን እወደዋለሁ። ግዴታ ሲሆንብኝ እንዳልጠላው ነው የፈራሁ። ፋርማሲ መማር ነው የምፈልገው።"

አቶ አምላኩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ታዲያ ያን ለታ ምነው ዝም አልሽ?"

"እርስዎ ቃል ከሰጡ በኋላ ምን ልበል?"

"እሱስ እውነትሽን ነው፣ ቸኮልሁ። የቆመ ሽማግሌ ያስቸኩላል።" ትንሽ አሰቡ። "ስሚኝማ። የምትወጂውን ሙይ። ለሽማግሌዎቹ 'ቡድኑን ነበር ያስቀደመችው፣ ምደባው ወዲያ ጣላት' እንላለን። ማን ኮምፒውተር ከፍቶ ያያል?"

እውነት ነው፣ ማንም አያይም። ምደባ ስንቱን የትና የት ጥሎታል። አባቷ ቃላቸውን አጠፉ አይባሉም፤ ዓለምነህም አይቀየማትም። ብሩክታይት ክለብ ያለውን አንደኛ፣ ቡድኑ ያለውን ሁለተኛ አድርጋ ላከችው። እፎይ አለች፤ እፎይታው ግን አንድ ደቂቃም አልቆየላት። ምደባው እስኪወጣ ዓለምነህ ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት "ተማሪዬ እኮ" እያለ ሊኮራባት ነው። አሰልጣኙም ቦታዋን ለሌላ ልጅ አይሰጥም።

"ጨረስሽ?" አለቻት ውበቴ።

"ስልክ ልደውልና።"

በረንዳው ላይ ወጣች። ስልኩ ገና መጥራት ሲጀምር ዓለምነህ አነሳው።

"እሺ የእኛ ተጫዋች፣ ሞላሽ?"

"ሞላሁ፣ ቲቸር። ቡድኑን ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። አባባን እንዳይቀየሟቸው፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

ብሩክታይት ስልኩን ሳትዘጋ የሚመጣባትን ጠበቀች።