ለአንድ አግድም የተላኩ ሽማግሌዎች

ጋሽ መንገሻ «ፀሐይ» ካሉ ፀሐይ ነው። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ በሩማችን ግን የጸና ነበር።

ሩም የምለው የፓልቶኩን፣ በኢንተርኔት በድምፅ የምንገናኝበትን ነው። የ2000 ዓ.ም. ገና ሳምንት ሲቀረው፣ ዳላስና ዙሪያዋ የምንኖር አሥራ አንድ የቃላት እንቆቅልሽ በሽተኞች በየቤታችን ኮምፒውተር ፊት ተተክለን አግድምና ቁልቁል ስንሞላ እናመሽ ነበር። እንቆቅልሹን የሚያወጡት ሲያትል የሚኖሩ መምህር ታዲዮስ የሚባሉ ሰው ናቸው። በዓመት አንዴ ለገና ብቻ ያወጣሉ፤ ፍንጩ ሁሉ ሰምና ወርቅ ነው፣ ጠጉር ያስነጫል። ለእኛና ለዲሲዎቹ ሩም እኩል በኢሜል ይልኩታል። እስከ ቅዳሜ ቀትር አንዲት ሳጥን ሳይሳሳት ቀድሞ የላከ ያሸንፋል። የተሸናፊው ሩም አለቃ ደግሞ በገና ዕለት ማይክ ይዞ፣ ሁሉ እየሰማ፣ አሸናፊዎቹን ይመርቃል።

የእኛ አለቃ ጋሽ መንገሻ ዲሲን ሦስት ዓመት አከታትለው መርቀዋል። ዘንድሮ «ለዲሲ የሚሆን ምርቃት አልቆብኛል» አሉን። «አሁንም ከተሸነፍን ማይኩን አስረክቤ እወጣለሁ።» እኛ ስንስቅ እሳቸው አልሳቁም።

ደነገጥኩ። እኔ ዓለምጌጥ እባላለሁ፤ ቤድፎርድ ነው የምኖረው፣ ኤርፖርት መንገደኛ ከፓርኪንግ የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። በዲቪ ሎተሪ መጥቼ የመጀመሪያውን ብርድ ስገፋ፣ በየቀኑ «ዓለምጌጥ፣ ሹራብ ደርበሻል?» የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያውም ፊቴን ሳያዩ፣ በማይክ፣ ሩሙ ሁሉ እየሰማ። አፍሬ ልሞት እደርስ ነበር። በማግስቱ ግን ሹራብ እደርባለሁ። እሳቸው ከወጡ ሩሙ ይበተናል፣ እኔም እጎዳለሁ። እወዳቸዋለሁ፣ ምን ልበል።

እንግዲህ፣ አንድ አግድም። ሦስት ሳጥን። ፍንጩ እንዲህ ይላል፦ «ሳይጠሩት በጠዋት ይመጣል፤ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ይነሳለታል።»

ጋሽ መንገሻ ተነቦ ሳያልቅ «ፀሐይ ነው፤ ዓለምጌጥ፣ ጻፊ» አሉ። የሩሙ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ «እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ሳይሉ ቃል የማያጸድቁ ሰው፣ ያን ቀን «ቀጥሉ» ብለው ማይኩን ዘጉት። ጻፍኩ።

ጉዱ ቁልቁሉ ላይ መጣ። ከ«ፀ» ወደ ታች «ክዳን አለው፣ ድስት አይደለም፤ ሲከፈት ይከበባል» ይላል። ሕፃን የሚያውቀው መሶብ «ፀሶብ» ሆነ። ከ«ይ» ወደ ታች ሁለት ሳጥን ነው፦ «ሁሉ በዓሉን ሲናፍቅ እሱ ይንቀጠቀጣል።» ዶሮ «ይሮ» ሆኖ ቁጭ አለ። አሥር ሰው አየው፤ አሥር ሰው ዝም አለ። በመጨረሻ ይርጉ እጅ አወጣ። ጋርላንድ ዌርሃውስ የሚሠራ ልጅ ነው። «ይሮ ምናልባት በወሎ በኩል የሚባል ነገር ይሆናል» አለ። ጋሽ መንገሻ የደሴ ሰው ስለሆኑ ማክበሩ ነው፤ እሱ ወሎን በአውቶቡስ እንኳ አላለፈባትም።

ወይ ይሉኝታ! ይኸው ከፀሶብ አበላን።

አንድ በአንድ ኮል ሳደርግላቸው ግን ሁሉም የየራሱ ወረቀት ላይ «መርዶ» ብሎ ጽፏል። መሶቡም ዶሮውም ልክ ይገባሉ። «ታዲያ ንገሯቸዋ!» ስል፣ «ጸሐፊዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ይሉኛል።

«ሽማግሌ እንላክ» ያለው ዩኑስ ነው። አዲሰን የሚኖር ባለታክሲ ነው፤ አንደበቱ የተባረከ። እሱ ገናን አያከብርም፤ ዲሲ ሲመረቅ መስማት ግን ሰልችቶታል። «በማይክ ብንነግራቸው ማዋረድ ነው፣ በስልክ ድፍረት ነው። ሦስት ሆነን ቤታቸው ሄደን፣ ቆመን እንለምናቸዋለን» አለ። ልጅ ለመጠየቅ እንጂ ሳጥን ለማስፋቅ ሽማግሌ ሲላክ ሰምቼ አላውቅም። ከፀሶብ ይሻላል ብዬ እሺ አልኩ።

ይርጉ ከናይት ሺፍት የሚወጣው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ እኔ ደግሞ ጠዋት ሥራ ገብቼ ክሎክ ኢን አደርጋለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋርላንድ፣ እሳቸው በር ላይ ተገናኘን። ዩኑስ ለክብር ብሎ ጥቁር ካፖርት ለብሷል። የእኔ ዩኒፎርም ጥቁር ነው። ይርጉ ያለው ጃኬት አንድ ነው፤ እሱም ጥቁር ነው።

እናንተ ገብቷችኋል አይደል? እኛ አልገባንም።

ጋሽ መንገሻ በፒጃማ ከፈቱ። ሦስታችንን አዩን፣ ያልነጋውን ሰማይ አዩ። «ግቡ» አላሉንም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ዩኑስ መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣውን ንግግር ጀመረ።

«ጋሽ መንገሻ፣ እንግዲህ ይበርቱ። የመጣንበት ጉዳይ ቀላል አይደለም…»

ከኋላቸው ባለቤታቸው እትዬ ወለተጊዮርጊስ ብቅ አሉ፣ አዩን፣ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ! ወይኔ ሙሉዓለምን!»

«ዝም በይ፣ ይናገሩ» አሉ ጋሽ መንገሻ። የበሩን ጠርዝ ይዘዋል። «መቼ ነው? ማታ ነው?»

ያኔ ገባኝ። «ሰው አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሽ መንገሻ፣ በማርያም፣ ማንም አልሞተም! አንድ አግድም ነው! ፀሐይ አይደለም ልንልዎት ነው የመጣነው!»

ለቅሶው በመሃል ቀጥ አለ። ጋሽ መንገሻ እኔን፣ ዩኑስን፣ ይርጉን በተራ አዩና በሩ አጠገብ ካለች ወንበር ላይ ተቀምጠው መሳቅ ጀመሩ፣ እንባቸው እየወረደ። እትዬ ወለተ ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን ጠቅልለው ዩኑስን ትከሻው ላይ አንዴ፣ ሁለቴ አቀመሱት። «ለሳጥን ነው በዚህ ሰዓት ጥቁር ለብሰህ የምትመጣ? አንተ የማታፍር!» ዩኑስ ቆሞ ተመታ። ሽማግሌ አይሮጥም።

ስንቀመጥ ነገሩን አወሩን። ሙሉዓለም ታናሽ ወንድማቸው ነው። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ለማንም አልተናገሩም፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እየደነገጡ ከርመዋል።

«መርዶ መሆኑንማ ፍንጩ ገና ሲነበብ አውቄዋለሁ» አሉ። «ታዲያ በዓል ሲመጣ፣ በገዛ አፌ፣ በገዛ ቤቴ ያንን ቃል ልጥራው? አልቻልኩም። ደግሞ ይሮ ስትሉ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ከአሥር ሰው አንድ ደፋር ይጥፋ?»

«እኔ እንኳ ወሎ ይባላል ብዬ…» አለ ይርጉ።

«አንተ ዝም በል!»

እትዬ ወለተ የስልክ ካርድ ፍቀው ደሴ ደወሉ። ያነሳው ራሱ ሙሉዓለም ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው። «ምነው በደኅናችሁ ነው? እናንተ ጋ ገና አልነጋም እኮ!» አለ። እሱ ደግሞ ከእኛ መርዶ ፈርቶ!

«ደኅና ነን» አሉ ጋሽ መንገሻ። «ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

«ዛሬ አጥሚት ጠጣሁ። ጨው የለውም» አለና ተነጫነጨ። እትዬ ወለተ ይሄኔ ነው የሳቁት።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ መንገሻ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊው፣ ልጄ። ሦስቱ ሳጥን ውስጥ አስገብተሽ ዝጊበት። እዚያው ይቅር።» በእሳቸው ኮምፒውተር ጻፍኩት። መሶቡ መሶብ ሆነ፣ ዶሮው ነፍስ ዘራ። ሴንድ አድርጌ ወደ ሥራዬ በረርኩ።

ገና ሰኞ ዋለ፤ ከሥራ መልስ ሁለቱም ሩም ተሰበሰበ። ዲሲዎች በአንድ ቀን ቀድመውን ልከው ኖሯል፤ አንድ አግድም ላይ ግን «ፀሐይ» ብለዋል። ማን እንዳለና ማን እንዳከበረ አልጠየቅንም። ይሮ ዲሲም ይረባል ማለት ነው። አለቃቸው አቶ ኃይለ መስቀል ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ቅር እያላቸው መረቁን። ቀጥሎ ጋሽ መንገሻ እጅ አወጡ። ሦስት ዓመት የታፈነ ፉከራ ሊወጣ ነው ብለን ጆሯችንን አቆምን።

«ምርቃት አልቆብኛል ብዬ ነበር፤ ትንሽ ተገኝቷል» አሉ። «ዲሲዎች፣ በቤታችሁ ያለው መርዶ ባለሦስት ሳጥኑ ብቻ ይሁን።»

ሁለቱ ሩም አሜን አለ። ቀጥሎ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ማይኩን ይዤ አፍንጫዬን ሳብ አደረግኩ።

«ዓለምጌጥ» አሉ ጋሽ መንገሻ፣ «ማይክሽ ክፍት ነው። እያለቀስሽ ነው እንዴ?»

«ጉንፋን ነው።»

«ሹራብ ደርቢ» አሉኝ፣ ዲሲ ሁሉ እየሰማ።