የፒኑ ልክ

ጋሽ ቀጀላ ለሰው ትክክለኛ ልክ ሰጥተው አያውቁም። ውሸታም ሆነው አይደለም፤ የሙያ ነገር ነው። ቃሊቲ መንገድ ዳር ብየዳ ቤት የከፈተ ሰው አንድ ጥሩ ነገር ከሠራ፣ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ጎረቤቱ በር ላይ ተደርድሮ ያገኘዋል። ስለዚህ ጋሽ ቀጀላ የሚሠሩትን ሁሉ ልኩን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ሲጽፉ፣ ከመሃል አንዷን ያዛቧታል። የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሰረቀ ሰው ሠርቶ ሠርቶ አልሆን ሲለው የገዛ እጁን ይወቅሳል።

ለጠጄ የሠሩላት ግን እስካሁን ከሠሩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ጠጄ ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። የዊልቸሯ ትንንሽ የፊት ጎማዎች ድንጋይ መሃል እየተሰነቀሩ ከቤት መውጣት ቸግሯት ነበር። ጋሽ ቀጀላ የሕፃን ብስክሌት ጎማ ወሰዱና ማንሻ ያለው መያዣ አበጁለት። መያዣው የዊልቸሩን የፊት ቱቦ ይነክሳል፤ ማንሻው ሲዘጋ ትንንሾቹ ጎማዎች ከመሬት ብድግ ይላሉ። ጠጄ ኮብልስቶኑን ወርዳ ታክሲ ተራ ድረስ ብቻዋን ሄደች።

ስትሄድ ካዩዋት አንዷ ጀዋሂር ናት፤ የከባድ መኪና ሾፌሩ የሙሀመድሁሴን ልጅ። ቴክኒክ ኮሌጅ ንድፍ ተምራ አሁን ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ከሰርቪስ እንደወረደች በቀጥታ ብየዳ ቤቱ መጣች።

«ጋሽ ቀጀላ፣ ይሄን ነገር ልሣለው?»

«በምን? በዚች በተሰነጠቀች ላፕቶፕ?»

«ፕሮግራሙ እኮ እሷ ላይ አይደለም ያለው፣ ኢንተርኔት ላይ ነው። እሷ ማሳያ ብቻ ናት።»

«እሱስ ያስታውቃል» አሉና በርጩማ ሰጧት።

ላፕቶፗን ከስልኳ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ ተቀመጠች። እሳቸው ልክ ይጠራሉ፣ እሷ ትሥላለች። ቱቦው ስክሪኑ ላይ በቀለ፤ ላሜራው ታጠፈ። በጣቷ ገፋ ስታደርገው ዕቃው ተገልብጦ ሆዱን አሳየ። ደግሞ እንደ ሎሚ ለሁለት ከፍላ ውስጡን አሳየቻቸው። ጋሽ ቀጀላ በእጃቸው የሠሩትን ነገር እንዲህ ሙሉውን አይተውት አያውቁም። ልጅቷ ደግሞ አትቸኩልም፤ አንድ ጠርዝ ካላማራት አጥፍታ እንደገና ትጀምራለች። «ይቺ ልጅ እጅ አላት» አሉ በልባቸው።

ማንሻው የሚዞርበት ፒን ተራው ሲደርስ ግን አፋቸው በልማዱ ሄደ። ሦስት ሚሊሜትር ወደ ኋላ አድርገው ጠሩላት።

ሥራው ሲያልቅ ጀዋሂር ንድፉን ለሁሉም ክፍት ላድርገው ብላ ጠየቀቻቸው። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ወስዶ ይሠራዋል፤ ካሻውም ያሻሽለዋል። ጋሽ ቀጀላ ፒኗን አስበው «አድርጊው፣ ምን ቸገረኝ» አሉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጀዋሂር ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ኮምቦልቻ የምትኖር መርዋ የምትባል መካኒክ ከንድፉ ሥር የጻፈችውን አነበበችላቸው። «ለወንድሜ ሠራሁት። ማንሻው ይዘጋል፣ ጎርበጥ ያለ ነገር ሲነካው ግን ተፈናጥሮ ይከፈታል። ወንድሜ ቁልቁለት ላይ ወደቀ፤ ክርኑ ተላጠ እንጂ አላህ አትርፎታል። ስሠራ ተሳስቼ ይሆናል፤ ነገ አስተካክዬ እንሞክረዋለን።»

«ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የኔ ነው» አለች ጀዋሂር። «የሆነ ቦታ አበላሽቻለሁ። ሁሉንም ልክ ደግሜ አየሁት፣ ያሉኝን ነው የጻፍኩት፣ ግን አላገኘሁትም። ላጠፋው ነው። ከእንግዲህም አልሥልም፤ በኔ ሥዕል ሰው ሊሞት ነው።»

ገላን ሄዳ የጠጄን ብትለካ ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ይወጣ ነበር። ግን ጋሽ ቀጀላ የነገሯትን መልሶ መለካት ለጀዋሂር ነውር ነው፤ ሐሳቡም አልመጣላትም።

ጋሽ ቀጀላ የብየዳ መነጽራቸውን አወለቁ። ቢናገሩ ያቺ ሦስት ሚሊሜትር የመንደሩ ብየዳ ቤት ሁሉ ሲሳይ ትሆናለች፤ እሳቸው ብቻ የሚሠሩት ነገር አይኖራቸውም። ባይናገሩ ያ ልጅ ነገ ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ይቺም እጇን ሰብስባ ትቀመጣለች።

«አታጥፊው» አሉ። «ፒኑን ሦስት ሚሊ ወደ ፊት አምጪው። ማንሻው ሲዘጋ ቀጥ ከሚልበት ቦታ ትንሽ አልፎ ካልሄደ አይቆለፍም። እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ።»

«ተሳስተው ነው?»

«አውቄ ነው። አንቺን አይደለም፣ ሌባ ለማሳሳት ነው።»

«ሌባዋ መርዋ ናት?»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ላፕቶፗን ከፍታ ያቺን አንድ ቁጥር ቀየረች፤ ማንሻውም ላሜራውም ራሳቸው ተከትለው ቦታቸውን ያዙ። ከሥሩ «የፒኑ ቦታ ተስተካክሏል፤ የቀድሞውን የሠራችሁ አትንዱበት» ብላ ጻፈች።

«ቀጀላ አሳስቶኝ ነው የሚለውን አትጽፊም?» አሉ ጋሽ ቀጀላ።

«እሱን ራስዎ ይንገሯት። ስልኳን አስቀምጣለች፣ ይኸው።»

ደወሉ። እየተንተባተቡ ሁሉንም ነገሯት።

«ይሄኛውስ እውነት ነው?» አለች መርዋ።

«ይሄኛው እውነት ነው ልጄ።»

«እንግዲህ ሠርቼ አየዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

አየችው። በሳምንቱ ጀዋሂር መርዋ ራሷ የጨመረችበትን ንድፍ ይዛ መጣች። መርዋ የማንሻው ጫፍ ላይ ትንሽ ጥርስ አውጥታለታለች፤ ፒኑ አርጅቶ ቢላላ እንኳ እንዳይለቅ። ጋሽ ቀጀላ በርጩማቸውን ስበው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡና ብዙ አዩት።

«ይሄ እኔ ጭንቅላት ውስጥ አልገባም ነበር እኮ» አሉ። «ማን አስተማራት?»

«እርስዎ ነዎት፣ ከፒኑ ጀምራ ነው።»

«ኧረ ተይኝ።»

ተነሥተው ቁራጭ ብረት ሞርሳ ላይ አሰሩና ጥርሱን በሞረድ ማውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰፋባቸው፤ ወረወሩት። ሌላ ብረት አሰሩ።

«ጀዋሂር፣ እስቲ በጎን በኩል አዙረሽ አሳይኝ» አሉ።